የተረሱ የእንግሊዝኛ ቃላት ምን ይጠቅሙናል?

ከጓደኞቼ መካከል አንዳንዶቹ ለብቻው አንድ ደብተር አዘጋጅተው፥ ማንም የማያውቃቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰበስቡበታል። ቃሉ በረዘመና ሰሚውን ግራ ባጋባ መጠን ደስታቸው ይበዛል። ክርክር ወይም ድርሰት ሲመጣ ከዚያ ደብተር አንድ ሁለቱን መዘው ያወጣሉ። እኔ ቃል መሰብሰብን አልነቅፍም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። የተረሱትን ቃላት የምንፈልግበት ምክንያት ግን የተገላቢጦሽ ስለ መሰለኝ፥ አሳቤን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ለማቅረብ እወዳለሁ።

ዘንድሮ በተመለከትኩት አንድ ክርክር ላይ አንድ ተማሪ የተቃራኒውን ወገን አሳብ ለማጣጣል ተነሥቶ «ፍሎክሲኖሲኒሂሊፒሊፊኬሽን» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከጎኔ የተቀመጠውን ልጅ «ምን ማለት ነው?» ብዬ ብጠይቀው «እኔ ምን አውቄ!» አለኝና ማጨብጨቡን ቀጠለ። ዳኞቹም ድሉን ለዚያ ተማሪ ወገን ሰጡ። ከእርሱ በፊት ተነሥታ፥ በቀላል እንግሊዝኛ ነገሯን ከነማስረጃው ያስረዳችው ልጅ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ያ ረጅም ቃል በ1741 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በተጻፈ አንድ ደብዳቤ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፥ «ኢምንት» የሚል ትርጉም ያላቸው አራት የላቲን ቃላት ተቀጣጥለው የተሠራ የቀልድ ቃል ነው። ትርጉሙም አንድን ነገር ከምንም አለመቁጠር ነው። አማርኛ «ንቀት» ብሎ በሦስት ፊደል ይጨርሰዋል።

ይህ በሽታ እንግሊዞችን ራሳቸውንም ይዟቸው ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት ሊቃውንቶቻቸው ከላቲን ረጃጅም ቃላት እየቀዱ ጽሑፋቸውን ቢያስጌጡ፥ ተቃዋሚዎቻቸው «የቀለም ቀንድ ቃላት» እያሉ ያፌዙባቸው ጀመር። ቀለም በዚያን ጊዜ እንደ እኛ አገር ጸሐፍት በቀንድ ይያዝ ነበርና። ቶማስ ዊልሰን የተባለው ሰው በ1553 ባሳተመው የንግግር ጥበብ መጽሐፍ ውስጥ በነዚህ ቃላት የታጨቀ የፌዝ ደብዳቤ አስገብቷል። ከዚያ ደብዳቤ «ሰለብሬት» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ይኖራል፤ «እጅግ ትልቅ» ማለት የነበረው «ኢንጀንት» ግን ጠፍቷል።

የጠፉትን ለመቁጠር ለሚፈልግ በ1989 በ20 ቅጽ የታተመው ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አለ። በውስጡ ከአገልግሎት የወጡ ተብለው የተመዘገቡት ቃላት 47,156 ናቸው። ይህን ሁሉ በደብተር ገልብጦ የሚጨርስ ተማሪ ካለ ዕድሜ ይስጠው። ደግሞም በመዝገበ ቃላት የተጻፈ ሁሉ ቃል አይደለም። በ1934 የታተመው የዌብስተር መዝገበ ቃላት «ዶርድ» የሚል ቃል አስገብቶ «ዴንሲቲ» ብሎ ተርጉሞት ነበር። በኋላ ሲመረመር የዴንሲቲ ምሕጻር ትልቁ ወይም ትንሹ «ዲ» ፊደል መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት በስሕተት እንደ አንድ ቃል ተነብቦ ኖሯል!

እንግዲህ የትኞቹን እንፈልግ? እኔ የምለው፥ ራሳቸው ሞተው በሕያዋን ቃላት ውስጥ ተደብቀው የቀሩትን ነው። «ሩትለስ» ማለት ጨካኝ መሆኑን ሁላችንም በቃላችን አጥንተናል። «ሩት» ግን ዱሮ ለብቻው ርኅራኄ ማለት እንደ ነበር (ከመጽሐፍ ቅዱሷ ሩት ጋር አይዛመድም) ያወቀ ሰው፥ ቃሉ «ርኅራኄ የለሽ» መሆኑን አይቶ ሁለተኛ አይረሳውም። «ሬክለስ»ም እንዲሁ ነው። «ሬክ» ማለት ግድ ማለት ነበር፤ ስለዚህ «ሬክለስ» ቁርጥ የእኛ «ግድ የለሽ» ነው። ብዙዎቻችን መሰባበር ከሚለው ሌላ «ሬክ» ጋር እያምታታን ከፊቱ አንድ ትርፍ ፊደል የምንጨምርበት ይህን ስለማናውቅ ነው።

በጤና ጣቢያ «ሚድዋይፍ» ሲባል ወላጆቻችንም ይሰማሉ። «ሚድ»ን መካከል፥ «ዋይፍ»ን ሚስት ብሎ ለሚተረጉም ሰው ቃሉ ትርጉም አይሰጠውም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን «ሚድ» «ጋር»፥ «ዊፍ» ደግሞ «ሴት» ማለት ነበር። ከሴቲቱ ጋር ያለች ማለት ነው። «ሎርድ» የሚለው የማዕረግ ስምም ከሁለት የተረሱ ቅርጾች የመጣ ሲሆን «የዳቦ ጠባቂ» ማለት ነበር፤ «ሌዲ» ደግሞ ዳቦ አቡኪዋ ናት። አሠሪውን «እንጀራዬ» ብሎ የሚጠራ ሰው በሚኖርበት አገር ይህ ለመረዳት አያስቸግርም።

አንዳንዱ የሞተ ቃል ደግሞ ያሳዝናል። «ኦቨርሞሮ» ከነገ ወዲያ ማለት ነው። ማይልስ ከቨርዴል በ1535 ባሳተመው መጽሐፍ ቅዱስ፥ በመጽሐፈ ጦቢት ይገኛል። ጀርመኖች የዚህን ቃል ወንድም እስከ ዛሬ ሲሠሩበት፥ እንግሊዞች ጥለውት ዛሬ አሳቡን በአራት ቃላት ይናገሩታል። ከሁሉ የምወደው ግን «ኡኽትቼአረ» ነው፤ ሊነጋ ሲል ከእንቅልፍ ቀስቅሶ የሚይዝ ጭንቀት ማለት ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በተጻፈው የኤክሰተር መጽሐፍ፥ በአንዲት ሴት ሰቆቃ ግጥም ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ ይገኛል። ፈተና በቀረበበት ሰሞን ከዶሮ ጩኸት በፊት የነቃ ተማሪ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ይህንንም ቢሆን ግን ድርሰት ውስጥ አታስገቡት።

«ከባድ ቃል ማርክ ያስገኛል» የሚሉኝ አሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይመጣብናል፤ ያነበብነው ካልገባን የምናገኘው ማርክ የለም። ስለዚህ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በየሳምንቱ አንድ የተረሳ ቃል፥ ከእርሱ ከወጣው ሕያው ቃል ጋር ቢለጠፍ መልካም ይመስለኛል። የክርክር ማኅበራትም ለሚመጣው ዓመት በደንባቸው ውስጥ ይህን ቢያስገቡ እለምናለሁ፦ ተናጋሪው ያልተለመደ ቃል ሲያመጣ ዳኛው እዚያው ትርጉሙን ይጠይቀው፤ መመለስ ካልቻለ አንድ ነጥብ ይቀነስበት።