ኮምፒውተሩ በዶላር፣ ሥራው በብር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። እቁብ ደርሶታል። «አጎቴ፣ ብሩ እጄ ላይ ሳያልቅ ላፕቶፕ ልግዛበት፤ የቱ ይሻለኛል?» አለኝና ከቴሌግራም ቻናሎች የሰበሰባቸውን ሰባት ፎቶዎች ላከልኝ። ሁሉም ኪቦርዳቸው በቀይና በአረንጓዴ መብራት የሚያብለጨልጭ ጌሚንግ ላፕቶፖች ናቸው። ከሥራቸው «ለኤዲቲንግ ምርጥ» የሚል ተጽፏል።

ልጁ የሰርግና የልደት ቪዲዮ ይሠራል። በመሃል ለሱቆች ባነርና ሎጎ ይነድፋል። እስካሁን የሚሠራው በስልኩ ካፕካት ላይ ነው፤ ከበድ ሲልበት የጓደኛውን ኮምፒውተር ይዋሳል። አሁን የጥር ሰርግ እየመጣ ነው፤ ጓደኛው ደግሞ ማሽኑን ለራሱ ይፈልገዋል። ልጁ ከተሳሳተ የአንድ ዓመት እቁቡ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ «የቱ ይሻለኛል?» የሚለውን ጥያቄ ቶሎ ልመልስለት አልቻልኩም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደራርበው የኮምፒውተር ግዢን ሒሳብ ለውጠውታል።

የመጀመሪያውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። 1,000 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ በባንክ ስሌት ከ57 ሺህ ብር ተነስቶ ከ120 ሺህ በላይ ሆነ ማለት ነው። እውነት ለመናገር ብዙ አስመጪ ቀድሞም ዶላሩን ከጥቁር ገበያ ይገዛ ስለነበር የሱቅ ዋጋ በአንድ ሌሊት እጥፍ አልሆነም። ዋናው ነጥብ ሌላ ነው፤ ማሽኑ በዶላር ይሰላል፣ ሥራችን ግን በብር ነው የሚከፈለው። ዶላር ጨመረ ብሎ ለሰርግ ቪዲዮ እጥፍ የሚከፍል ሙሽራ እኔ እስካሁን አላየሁም።

ሁለተኛው ራም ነው። በዓለም ላይ አብዛኛውን ሚሞሪ የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። ሦስቱም ፋብሪካቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከላት ወደሚሸጠው ውድ ሚሞሪ አዙረዋል፤ ትርፉ ያለው እዚያ ነው። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ወር ማይክሮን «ክሩሻል» በሚል ስም ለተራው ተጠቃሚ ይሸጥ የነበረውን ራምና ኤስኤስዲ እንደሚያቆም አስታወቀ። የራም ዋጋም በዓለም ገበያ ወደ ላይ ተተኮሰ። ድሮ «አሁን 8 ጊጋውን ልግዛ፣ ቆይቼ እጨምርበታለሁ» የሚል ምክር እንሰጥ ነበር። ዛሬ ያ ምክር አይሠራም፤ ስትጨምሩበት የምትከፍሉት ሊያስደነግጣችሁ ይችላል።

ሦስተኛው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ማቆሙ ነው። ዊንዶውስ 11 በደንቡ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ነው። ውጭ አገር ያሉ ቢሮዎች ከዚያ በታች ያሉትን ማሽኖች ሲጥሉ፣ የተጣለው ዞሮ ዞሮ ዩዝድ ገበያ ላይ ይወጣል። ሻጩ ዊንዶውስ 11ን እንደምንም ይጭንበትና «ኮር አይ 7 ነው፣ ዊንዶውስ 11 አለው» ይላችኋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ግን ምንም አይነግራችሁም።

ስለዚህ ከ«ኮር አይ 7» ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 6600 ካለ ስድስተኛ ጄኔሬሽን ነው፣ 8250 ካለ ስምንተኛ፣ 1235 ካለ አሥራ ሁለተኛ። ባለ 6600ው ኮር አይ 7 ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ ባለ 1235ው ኮር አይ 5 ግን አሥር። በስም ከሄዳችሁ ደካማውን በውድ ትገዛላችሁ።

ይህን የምላችሁ ስለተበላሁ ነው። ከዓመታት በፊት «8 ጊጋ ግራፊክስ አለው» ተብዬ አንድ ላፕቶፕ ገዛሁ። ቤት ወስጄ አምስት ደቂቃ የማትሞላ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሳደርግ ማሽኑ እንደ ጀበና ተንተከተከ። በኋላ ታስክ ማናጀር ከፍቼ ሳይ የራሱ ግራፊክስ ሚሞሪ 128 ሜጋ ብቻ ነው። የቀረው ከራሙ ተበድሮ የሚጠቀምበት፣ «ሼርድ» የሚባለው ነው። ሻጩ ሁለቱን ደምሮ ነው የነገረኝ። ልመልስ ስሄድ «ተከፍቶ የታየ ዕቃ አንመልስም» አለኝ፤ በቃ፣ አለቀ። ሱቁ ውስጥ ቆሜ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ብጫን፣ ከዚያ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ ገብቼ ጂፒዩ ላይ «ዴዲኬትድ» የሚለውን ባነብ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ታዲያ ምን እንግዛ? እኔ ለልጁ ያልኩት፣ ከማሽኑ ሳይሆን ከሥራህ ጀምር ነው። የምትቀርጸው በምንድን ነው? የምታስረክበውስ ምንድን ነው?

ሥራው በብዛት ባነር፣ ሎጎና ፖስተር ከሆነ ውድ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም። ለፎቶሾፕና ለኢለስትሬተር 16 ጊጋ ራምና ጥሩ ስክሪን ይበልጣሉ። ስክሪኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚገጠመው፣ መግለጫው ላይ «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» የሚባለው ስክሪን ቀለሙን አደብዝዞ ነው የሚያሳየው። እናንተ ደብዝዟል ብላችሁ ቀዩን ታደምቁታላችሁ፣ ማተሚያ ቤት ሲወጣ ሌላ ቀይ ይሆናል፣ ደንበኛው ደግሞ «ድገምልኝ» ይላል። መግለጫው ላይ ለኤስአርጂቢ 100 በመቶ የተጠጋ ፈልጉ።

ሥራው ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ሶፍትዌሩ ይወስናል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ግራፊክስ ካርድ ላይ በጣም ይደገፋል፤ ፕሪሚየር ፕሮሰሰሩንም በደንብ ያሠራል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህን ነው፤ አዳዲስ የሶኒና የካኖን ካሜራዎች የሚቀርጹትን 4፡2፡2 ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲ ፋይል፣ ከ50 ሲሪየስ በፊት የነበሩት የኤንቪዲያ ካርዶች በቺፓቸው አይፈቱትም። አሥራ አንደኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ ወዲህ ያሉ የላፕቶፕ ኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ የተገነባው ግራፊክስ ግን ይፈታዋል። ፕሪሚየር ላይ ለምትሠሩ፣ ያ የሚያብለጨልጨው ጌሚንግ ላፕቶፕ የተንገዳገደበትን ቪዲዮ ተራ የቢሮ ላፕቶፕ ያለችግር ሊያጫውተው ይችላል።

ማክስ? የ2020ው ኤም 1 ማክቡክ ኤር ዛሬም ሥራ ይሠራል፣ ባትሪውም ጠንካራ ነው። ችግሩ ራሙ ከቺፑ ጋር አብሮ የተሠራ መሆኑ ነው። 8 ጊጋ ከገዛችሁ እስከ መጨረሻው 8 ጊጋ ነው። ባለ 16 ካገኛችሁ አስቡበት።

ዴስክቶፕ በዚያው ብር የተሻለ ጉልበት ይሰጣል፣ ሲበላሽም በክፍል በክፍል ይቀየራል። ግን መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ የዩፒኤሱን ዋጋ ከመጀመሪያው ደምሩበት። ላፕቶፕ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው። ጌሚንግ ላፕቶፖች ግን ከሶኬት ሲነቀሉ ጉልበታቸው በጣም ይቀንሳል፣ ባትሪያቸውም ቶሎ ያልቃል።

የሶፍትዌሩንም ሒሳብ አትርሱ። አዶቢ በየወሩ በዶላር ነው የሚከፈለው። ክራክ የተደረገውን አውርዶ መጫን የለመድነው ነገር ቢሆንም አብሮት ቫይረስ ሲገባና የደንበኛ ፋይል ሲቆለፍ ያኔ ነው ዋጋው የሚታወቀው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ እትም አለው፤ እስከ 4ኬ ኤክስፖርት ያደርጋል። የሚከለክላቸው ነገሮች ስላሉ ግን የካሜራችሁን ፋይል ቀድማችሁ ሞክሩበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ምናልባት አሁን መግዛት የለባችሁም። ያላችሁ ማሽን 4ኬ ሲያጫውት የሚንተባተብ ከሆነ «ፕሮክሲ» ሞክሩ። ቪዲዮውን አሳንሶ በትንሹ ኮፒ ያሠራችኋል፤ መጨረሻ ላይ ኤክስፖርት ሲሆን ወደ ዋናው ይመለሳል። ፕሪሚየርም ሪዞልቭም አላቸው። በየመንደሩ ስንት ልጅ ማሽኑ ደከመ ብሎ ዕዳ ገብቶ አዲስ ገዝቷል፤ የጎደለው ይቺ አንዲት ቅንብር ሆና ሳለ።

የእህቴ ልጅ መጨረሻ ላይ የገዛው ከሰባቱ አንዱንም አይደለም። ዩዝድ የቢሮ ላፕቶፕ ነው፤ አሥራ አንደኛ ጄኔሬሽን፣ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ጥሩ ስክሪን። ፍላሽ ላይ የራሱን የሰርግ ቪዲዮ ይዞ ሄዶ ሻጩ ፊት ከፍቶ ኤክስፖርት አደረገው። ሻጩ ትንሽ ተነጫነጨ፣ ግን ፈቀደለት። በተረፈው ብር የደንበኞቹን ቪዲዮ በሁለተኛ ኮፒ የሚያስቀምጥበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዛበት።

ትናንት ደወልኩለት። «እንዴት ነው ማሽኑ?» አልኩት።

«መብራት የለውም እንጂ አሪፍ ነው» አለኝ። የኪቦርዱን መብራት ማለቱ ነው።