የምስጋና ኢሜይላችሁን ማሽን አይጻፍላችሁ

ባለፈው ዓመት ሪቻርድሰን ውስጥ፣ ከዳላስ በስተሰሜን "ቴሌኮም ኮሪደር" በሚባለው ሰፈር፣ ለአንድ የፕሮግራመር ቦታ ቃለ መጠይቅ ካደረግነው ሦስት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ከጋርላንድ የመጣ የአገሬ ልጅ ነበር።

የኔ ተራ ሲደርስ "ራስህ ሠርተህ ለሰው አገልግሎት ያዋልከው ነገር አለ?" ብዬ ጠየቅኩት። ለእናቱ ዕድር የአባላት ስልክ ማውጫ ሠርቷል። አንድ ቀን ሰብሳቢዋ "ፀሐይ" ብለው ቢፈልጉ ምንም አልመጣም፤ ለካ የተመዘገበው "ጸሀይ" ተብሎ ነው። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ ለየቅል ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ልጁ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሆሄያት ወደ አንድ የሚያመጣ ኮድ ጨመረበት። የተመዘገበውን ስም ግን አልነካውም። "ሰው ስሙን እንደጻፈው ነው መታየት ያለበት" አለኝ። በዚያን ቀን ከሰማሁት መልስ ሁሉ የወደድኩት ይህንን ነበር።

ማታ የምስጋና ኢሜይሉ ለሦስታችንም ደረሰን። እንግሊዝኛው እንከን የለውም። ስለ ድርጅቱ "የፈጠራ ባህል" ያወራል፤ በውይይቱ "እጅግ መክበሩን" ይናገራል። ስለ ዕድሩ ማውጫ ግን አንዲት ቃል የለችበትም። በዚያው ሳምንት ከሌላ ተወዳዳሪ የመጣልን ደብዳቤም አንድ አንቀጹ ከሞላ ጎደል ያው ነበር። ሁለቱም ማሽን እንዳጻፉ መገመት አይከብድም።

ሁለቱ ባልደረቦቼ የማውጫውን ታሪክ ከልጁ አፍ አልሰሙም። በስብሰባው ላይ እኔ ነገርኳቸው፤ ግን የሰው ታሪክ በሌላ ሰው አፍ ይቀዘቅዛል። ቦታውን ሌላ ሰው አገኘ። ኢሜይሉ ውሳኔውን ይቀይረው ነበር አልልም። ሆኖም ልጁ ሦስታችንንም በአንድ ጊዜ የሚያናግርበት የመጨረሻ ዕድል ነበር፤ እሱም ዕድሉን ለማሽን ሰጠው።

ለምን እንዲህ እንደምናደርግ አውቃለሁ፤ እኔም አልፌበታለሁ። በአማርኛ አክብሮት ግሱ ውስጥ ነው ያለው። "አመሰግንሃለሁ" እና "አመሰግንዎታለሁ" ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ ሁለቱም ያው "ታንክ ዩ" ይሆናሉ። አክብሮቱ መንገድ ላይ የጠፋ ስለሚመስለን በቅጽል ብዛት ልንክሰው እንሞክራለን። እኔ የመጀመሪያውን የምስጋና ኢሜይሌን ስጽፍ እንደ "አቶ" መስሎኝ "ሚስተር" ከሚለው ቀጥሎ የሰውየውን የራሱን ስም አስገባሁ፤ እዚህ ግን የሚከተለው የቤተሰብ ስም ነው። "ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ" የሚለውንም ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሰውየው "ምን ችግር ተፈጠረ?" ብሎ መለሰልኝ።

እዚህ አገር በእንደዚህ ዓይነት ደብዳቤ አክብሮት የሚታየው የተባለውን በደንብ በማስታወስ ነው። ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው። ከቃለ መጠይቁ እንደወጣችሁ ለጓደኛ እንደምታወሩት አድርጋችሁ በአማርኛ ማስታወሻ ያዙ፦ ማን ምን ጠየቀኝ? የቱን መልስ ወደዱት? የቱን ሳልጨርስ ቀረሁ? ከዚያ በማግስቱ ሳያልፍ አራት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉ፦ ምስጋና፣ ከተጠየቃችሁት አንዱ፣ በዚያ ላይ የምትጨምሩት ነገር፣ ስንብት። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው የሚል ሰው ሰዋስዉን ማሽን ያርምለት፤ ነውር የለውም። ፍሬ ነገሩ ግን የራሱ ይሁን።

አርእስቱ ላይ "አመሰግናለሁ" ብሎ በፊደላችን መጻፍስ? ይሠራል። ፊደላችን በ1999 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ በዩኒኮድ 3.0 ገብቷል። የኢሜይል አርእስት ግን መጀመሪያ ለአስኪ ብቻ የተሠራ ስለነበር በተለመደው መንገድ ሲላክ ፊደሉ ተቀይሮ ይጓዛል፦ ሰባቱ ሆሄያት በዩቲኤፍ-8 21 ባይት፣ በቤዝ64 ደግሞ 28 ምልክት ይሆናሉ። ተቀባዩ ጋ በትክክል ይነበባል። ችግሩ ሰውየው ከሳምንት በኋላ ደብዳቤያችሁን ሲፈልግ "አመሰግናለሁ" ብሎ መጻፍ አለመቻሉ ነው። አርእስቱ የሥራ መደቡን ስም በእንግሊዝኛ ይያዝ፤ ፊደላችንን ከታች፣ ከፊርማችሁ ጋር፣ ስማችሁን ጻፉበት።

ለልጁ በኋላ ይህንኑ ጻፍኩለት። የመለሰልኝ ሦስት መስመር ብቻ ነበር፤ ሦስቱንም ራሱ እንደጻፋቸው ያስታውቃል። ማውጫው አሁንም እየሠራ ነው፤ ሰብሳቢዋ በየትኛውም "ፀ" ቢፈልጉ ያገኛሉ።