ክሎሮፕላስት ውስጥ የገባ ጂን እዚያው ይቀራልን?

የገበሬው ማሳ አጥር ይኖረዋል፤ የአበባ ብናኝ ግን አጥር አያግደውም። ማሽላ ከጎረቤት ማሳ ማሽላ ጋርም ሆነ ከዱር ዘመዱ ጋር ሊዳቀል ይችላል። በመሆኑም ጂኑ በላቦራቶሪ የተለወጠ ሰብል ወደ ማሳ ሲወርድ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «አዲሱ ጂን በብናኝ ወደ ሌላው ቢሻገርስ?» የሚል ነው።

ለዚህ ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ አዲሱን ጂን በሕዋሱ ኒውክለስ ሳይሆን በክሎሮፕላስት ውስጥ ማኖር ነው። ክሎሮፕላስት ለቅጠል አረንጓዴ መልክ የሚሰጠውና በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጀው የሕዋስ ክፍል ሲሆን የራሱ ጥቂት ዲኤንኤ አለው። በአብዛኞቹ ሰብሎች የሚወረሰው ከእናት ተክል በመሆኑ፣ በውስጡ ያለ ጂን በብናኝ አይወጣም የሚል እምነት ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ አጥር ቀዳዳ እንዳለው ተረጋግጧል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በአውስትራሊያ የአዴሌድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካናማይሲን የተባለውን መድኃኒት የሚያስችል ጂን በትምባሆ ክሎሮፕላስት ውስጥ አስገቡ። ጂኑ የተዘጋጀው ኒውክለስ ውስጥ ሲደርስ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። የተክሉን ብናኝ ከተራ ትምባሆ ጋር አዳቅለው ካገኟቸው 250 ሺህ ያህል ቡቃያዎች 16ቱ መድኃኒቱን ተቋቁመው አደጉ። ይህም ማለት ከ16 ሺህ ያህል ብናኞች በአንዱ ጂኑ ወደ ኒውክለስ ተሻግሯል ማለት ነው። ኒውክለስ ከገባ በኋላ ደግሞ እንደማንኛውም ጂን በብናኝ ይጓዛል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣ ጥናት መጠነኛ ሙቀት ይህን መሻገር እንደሚያበዛው አመልክቷል።

መሻገሩ በራሱ የሚያስደነግጥ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ በተፈጥሮ ሲካሄድ የኖረ ነው። ሰው በየቀኑ የሚመገበው ሩዝ እንኳ በአሥረኛው ክሮሞሶሙ ላይ 131 ሺህ ያህል ፊደል ርዝመት ያለው የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ይዟል፤ ይህም የመላው ክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ርዝመት ያህል ነው።

ቁጥሩን በሁለት ወገን መመዘን ይገባል። በአንድ በኩል አንድ የበቆሎ ተክል ብቻውን በሚሊዮን የሚቆጠር ብናኝ ስለሚበትን፣ የትምባሆው ውጤት ለሌላ ሰብል በቀጥታ ባይወሰድም፣ ከሺዎች አንድ የሚባለው ነገር በሰፊ ማሳ ላይ ቀላል አይሆንም። በሌላ በኩል ለክሎሮፕላስት ተብሎ የተዘጋጀ ጂን ኒውክለስ ቢገባም አብዛኛውን ጊዜ ሥራ አይሠራም፤ የተሻገረውም ዲኤንኤ ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ይጠፋል። ስለዚህ ዘዴው የመሻገርን ዕድል እጅግ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም።

ይህ ለአገራችን የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ ማሽላ ከዱር ዘመዶቹ ጋር አብሮ የሚበቅልባት አገር ናት። በ2001 ዓ.ም. የወጣውና በ2007 ዓ.ም. የተሻሻለው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅም እንዲህ ያሉ ሰብሎች የሚገቡበትን ሥርዓት ይደነግጋል። ወደፊት «ጂኑ በክሎሮፕላስት ውስጥ ስለሆነ አያሰጋም» የሚል ማመልከቻ ቢቀርብ፣ መርማሪው በምን ያህል ብናኝና በምን ያህል ሙቀት እንደተሞከረ መጠየቅ፣ በማሳዎች መካከል የሚተው ርቀትና ክትትልም እንዲጨመር ማድረግ አለበት። ጂኑ አንዴ በገበሬው ዘር ውስጥ ከገባ ለቅሞ ማውጣት አይቻልምና።