ስልክ ከመፈተሻችን በፊት



እንደምታስታውሱት ባለፈው የሠልጣኞችና የመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡም ባጭሩ «በየክፍሉ እየዞረ የሠልጣኙን ስልክና ፍላሽ የሚመለከት፥ ያለ ደራሲው ፈቃድ የተባዛ መጽሐፍ ያገኘበትንም የሚመዘግብ ኮሚቴ ይቋቋም» የሚል ነው። ያጨበጨበ አለ፤ ያጉረመረመም አለ። ሰዓቱ በመምሸቱ ጉዳዩ ሳይወሰን በይደር ቆየ። እኛ የዚህ የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጆች ሐሳቡን እንቃወማለን። ይሁን እንጂ የምንቃወመው ጥፋት አልተሠራም ብለን አይደለም። ጥፋትስ ተሠርቷል፤ እኛም አለንበት።

ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ለአዲስ ገቢዎች ስንል እንድገመው። አንድ መምህራችን ለአንደኛ ክፍል ንባብ ማስተማሪያ የሚሆን የመልመጃ መጽሐፍ ሁለት ክረምት ሙሉ ደክመው አዘጋጁ። አሳታሚ አላገኙምና ከደመወዛቸው ቆጥበው፥ ከዘመድም ተበድረው፥ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው 300 ቅጂ አሳተሙ። ዋጋው 120 ብር ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት 41 ተሸጠ። በሁለተኛው ሳምንት ከእኛው አንዱ መጽሐፉን ገጽ በገጽ በስልኩ አንሥቶ፥ ፒዲኤፍ አድርጎ፥ በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጫነው። ያደረገው በክፋት አልነበረም፤ «መግዛት ላልቻለ ብዬ ነው» ይላል፤ እናምነዋለን። ማታ የተጫነው ፋይል ሲነጋ በሁሉም ስልክ ላይ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ይህንኑ አትሞ፥ የደራሲውን ስም የያዘውን ሽፋን ገንጥሎ፥ በ50 ብር ይሸጠው ጀመር። ከዚያ ወዲህ ከመምህሩ እጅ የተሸጠው ሰባት ብቻ ነው። የቀረው በካርቶን ታሽጎ አልጋቸው ሥር ተኝቷል፤ ዕዳውም አብሮ ተኝቷል።

መልመጃው ግን ለተግባር ትምህርት በወጣንባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይሠራበታል። ልጆች በእርሱ ፊደል ይለያሉ። ደራሲው ይህን እያዩ በክፍሉ መስኮት አጠገብ ያልፋሉ። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው አይደለም ወይ?

እንግዲህ ግለ ሂሱ ከእኛ ይጀምር። ይህን ጋዜጣ ከምናዘጋጀው አምስት ሰዎች መካከል ፋይሉ በአራታችን ስልክ ላይ ነበር። አምስተኛው ያልነበረው ስልኩ ተበላሽቶበት ነው።

አሁን ደግሞ የሌላውን ወገን እውነት እንናገር። ካቺሲ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ መግዛት ማለት ብዙውን ጊዜ ጊንጪ ወይም አምቦ ለሚሄድ ሰው ገንዘብ ሰጥቶ መለመን ማለት ነው፤ አለዚያም አዲስ አበባ ድረስ መላክ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሲውል በብዙ ትምህርት ቤቶች የታተመው መጽሐፍ ሳይደርስ ሶፍት ኮፒው ቀድሞ ደርሷል። መምህሩ ከስልኩ እያየ በሰሌዳው ላይ ሲገለብጥ፥ ተማሪው ከሰሌዳው ወደ ደብተሩ ሲገለብጥ ያየን ነን። ያ ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ ባይተላለፍ ኖሮ የዚያ ዓመት ትምህርት ምን ይሆን ነበር? አንጋፋ መምህራን እንደሚያጫውቱን ቀድሞ በማሠልጠኛዎች ጽሑፍ የሚባዛው በስቴንስል ነበር፤ ቀለሙ እጅ ያበላሽ ነበር፤ የጠቆረ እጅ ግን የትጋት ምልክት እንጂ የሌባ ምልክት አልነበረም።

ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ መጽሐፍ ያዳነበትም ጊዜ አለ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ ሲደረግ፥ ያመለጡት ቅጂዎች በስውር እየተዋሱ ተነበቡ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤት እንደ ወጣ አልተመለሰም፤ መጽሐፉ ግን እነሆ ዛሬም አለ። እንዲህ ከሆነ ማካፈል ሁሉ ስርቆት ነው የሚለን ሰው ተሳስቷል። የታገደ መጽሐፍ ደብቆ ማዋስ ሌላ ነው፤ በገበያ ላይ ያለ መጽሐፍ ሽፋን ገንጥሎ መቸርቸር ሌላ።

ሕጉስ ምን ይላል? በአገራችን የደራሲ መብት ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ የድርሰትንና የሥነ ጥበብን ባለቤትነት ይደነግግ ነበር። በኋላም በ1996 ዓ.ም. የቅጂና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። ይህ አዋጅ እንደ እኛ ያለውን ሰው ፈጽሞ አልረሳም። አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለራሱ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም ይላል፤ የመጽሐፍን አብዛኛውን ክፍል መገልበጥ ግን ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው። ለማስተማሪያ የሚደረግ ማባዛትንም ይፈቅዳል፤ ተገቢ ከሆነው መጠን እንዳያልፍ፥ ምንጩና የደራሲው ስምም እንዲገለጽ ያዝዛል። ለካስ ሁለት ገጽ አባዝቶ፥ ስም ጠቅሶ ለክፍል ማደል መብታችን ኖሯል! መጽሐፉን በሙሉ አንሥቶ ለ200 ሰው መበተን ነው መብታችን ያልሆነው።

እዚህ ላይ መምህራን አይቀየሙን። በየሴሚስተሩ የሚሰጡን ሞጁሎች ከስንት መጽሐፍ የተቀዱ ናቸው? ከእነዚያ ውስጥ የማን እንደ ሆነ ተጽፎ ያየነው ስንቱን ነው? ስም መጥቀስን ከማን እንማር? ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፥ የፎቶ ኮፒው ሰው ሽፋን ሲገነጥል ስም መፋቅ ነውር መሆኑን ከእኛ ቤት አላየም።

ነገሩ የመጽሐፍ ብቻም አይደለም። በገበያ ቀን የስልክ መለዋወጫ በሚሸጥባቸው ሱቆች ዘፈን በሚሞሪ የሚያስጭነው ወጣት ሰልፍ ይዞ ይታያል። የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ፥ በወጣትነቱ እስር ቤት ሆኖ የደረሳቸውን ዜማዎች «ሰኚ ሞቲ» ብሎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 በአልበም ካወጣ ወዲህ፥ በእኛ አገር የእርሱ ዘፈን የሌለበት ሚሞሪ ማግኘት ያስቸግራል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገደል ያላለቀሰ ማን አለ? በአዋጁ መሠረት የደራሲ የገንዘብ ጥቅም ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ያልፋል፤ የእርሱ ድርሰቶች ጥቅም እስከ 2062 ዓ.ም. የልጆቹ ነው ማለት ነው። እስቲ እጅ እናውጣ፤ ከመካከላችን ለአንዱ ዘፈኑ አምስት ሳንቲም የከፈለ ማነው? ለሚሞሪ ጫኙ ግን ሁላችንም ከፍለናል። ሟቹ የሙዚቃ አቀናባሪ ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ የመሠረቱት ይህን አይተው ነበር፤ ሰው በስልኩ ትንሽ ገንዘብ ከፍሎ ዘፈኑን እንዲያገኝ፥ ገንዘቡም ለባለሙያው እንዲደርስ።

ወደ ፍተሻው እንመለስ። ቁጥጥር ያዋጣል የሚሉ ጓደኞቻችን የውጭውን አገር እንደ ምሳሌ ያነሣሉ። የውጭውን እንየው እንግዲህ። ናፕስተር የተባለው የዘፈን መለዋወጫ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ተነሥቶ በ2001 በፍርድ ቤት ተዘጋ። ከዚያ ቢትቶረንት መጣ። ይህኛው መሐል ቤት የለውም፤ ፋይሉ ተቆራርጦ በተጠቃሚዎቹ መካከል ይዞራል፤ እያንዳንዱ ሰው እየተቀበለ ለሌላው ያቀብላል፤ የእያንዳንዱም የኢንተርኔት አድራሻ ለሌሎቹ ይታያል። የባለመብቶቹ ቅጥር ተቆጣጣሪዎች እንደ ተራ ተጠቃሚ ይገቡና የሚያዩትን አድራሻ ይመዘግባሉ፤ ማስጠንቀቂያውም በኢንተርኔት አቅራቢው በኩል ለደንበኛው ይላካል። ሲያዩት የረቀቀ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን በ2008 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ቁጥጥር ፈትነውት፥ ምንም ፊልም ማውረድ በማይችሉ የማተሚያ መሣሪያዎች አድራሻ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲመጣ አድርገዋል። ማተሚያው ፊልም ሰረቀ ተባለ! የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበርም ከ2003 ጀምሮ ብዙ ሺህ ግለሰቦችን ከሰሰ፤ ከመጀመሪያዎቹ ተከሳሾች አንዷ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፤ እናትዋ 2,000 ዶላር ከፍለው ተገላገሉ። በ2008 መጨረሻ ማኅበሩ ራሱ ግለሰብን በጅምላ መክሰሱን ተወው። ማካፈሉ ግን አልቆመም።

አድራሻ ቤትን እንጂ ሰውን አያሳይም፤ ነገሩ ይኸው ነው። በስልክ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ቤትንም አያሳይም፤ ብዙ ስልኮች አንድ አድራሻ ይጋራሉና። ከዚህም ሁሉ በላይ የእኛ ፋይል አብዛኛውን መንገድ በኢንተርኔት አይሄድም። ዳታ ውድ ነው፤ ኔትወርኩም ይጠፋል። በብሉቱዝ ወይም በዜንደር፥ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው የምንቀባበለው። ይህን የኢንተርኔት ቁጥጥር አያየውም።

«ለዚህ ነው እኮ ኮሚቴ ያስፈለገው» ይሉናል። ኧረ እንዴት ተደርጎ! ስልክ ማለት ደብተር አይደለም። የእናት መልእክት አለበት፥ የእጮኛ ፎቶግራፍ አለበት፥ ቴሌብር አለበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት፥ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የሚለዋወጠውንም ጭምር የማይደፈር ያደርገዋል፤ ሊገደብ የሚችለውም በሕግና በአስገዳጅ ምክንያት ብቻ ነው። አንቀጽ 51 ደግሞ የድርሰትን መብት መጠበቅ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ነው ይላል፤ የክፍል አለቃ ሥራ ነው አላለም። የሴት ሠልጣኝ ስልክ የሚያገላብጠው የኮሚቴ አባል ማን ሊሆን ነው? ያየውን አየሁ ብሎ ቢያወራስ ማን ይጠየቃል? ነገ አስተማሪ ሆነን የልጆችን ቦርሳ እንድንበረብር ዛሬ መለማመዳችን ነው?

ደግሞ ልብ በሉ፤ ይህ ፍተሻ የሚይዘው ያላተረፈውን ሰው ነው። 50 ብር እየተቀበለ የሚሸጠው ነጋዴ ስም በስብሰባው ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። አዋጁ በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ሆን ብሎ መብት ለሚጥስ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጎ ነበር። ይህን የሚያህል ቅጣት ለፎቶ ኮፒ ሠራተኛ ማን ይመኛል? መምህራችንም አልተመኙም፤ ክሰሱ ሲባሉ «ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ ቢኖረኝ ዕዳዬን እከፍልበት ነበር» አሉ።

እኛ ወደ ነጋዴው ሄደን አነጋግረነዋል። መጀመሪያ «ያመጣችሁልኝን ነው ያተምኩት» አለ፤ ውሸት አይደለም። በኋላ ግን ካርቶኑ አልጋ ሥር ስለ መተኛቱ ስንነግረው አቀረቀረ። መምህሩ ከፈቀዱለት ሽፋኑን መልሶ፥ ከእያንዳንዱ ቅጂ 20 ብር ለእርሳቸው ሊሰጥ ተስማምቷል። መምህሩ አስቤ እመልሳለሁ ብለዋል። ሶፍት ኮፒውንም ለሚፈልግ በ30 ብር በቴሌብር ለመስጠት ፈቃደኛ ናቸው፤ ዋጋውን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፥ እኛ 40 ብለን ነበር። ይህንንም መክፈል ለማይችል ሠልጣኝ አራት መጽሐፍ ለቤተ መጻሕፍቱ በነፃ ሰጥተዋል፤ ከመጽሐፉ ውስጥ ሁለት ሦስት ገጽ ለተግባር ትምህርት ማባዛት ማንንም አያስጠይቅም፤ ስማቸው ይጻፍበት እንጂ።

በሚመጣው ስብሰባ የኮሚቴው ሐሳብ ለድምፅ ይቀርባል። እኛ አምስታችን እጃችንን የምናወጣው በተቃውሞ ነው። የሞጁሎቹም ጉዳይ እዚያው እንዲነሣ በጽሑፍ ጠይቀናል፤ መምህራን ክፍል መልስ አልሰጠንም።

ፋይሉን ከግሩፑ ያነሣነው ትናንት ማታ ነው። አራታችን 30፥ 30 ብር ልከናል። አምስተኛው የታተመውን ገዝቷል፤ ስልኩ ገና አልተሠራም።

የግድግዳ ጋዜጣው አዘጋጆች