ተለማማጅ ለሚቀበለውም ይታሰብለት!

በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ ወጥተን ሳለ አንዷ ጓደኛችን ታመመችና ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ይዘናት ሄድን። በመርፌ ክፍሉ ያለችው ሲስተር አንድ ናት፤ ዙሪያዋን ነጭ ጋወን የለበሱ ስምንት የነርስነት ተማሪዎች ቆመዋል። ሲስተሯ ካርድ ትጽፋለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ በመካከሉ «አንተ፣ ጓንትህን ቀይር እንጂ!» ትላለች። ልጆቹ ሎግ ቡካቸውን ይዘው ፊርማ ይጠብቃሉ። ጓደኛችን «ተማሪ ነው እንዴ የሚወጋኝ?» ብላ ሹክ አለችን። ስሟን እንኳ የጠየቃት አልነበረም።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የሲስተሯ ነው እንዳንል እጇ ሁለት ብቻ ነው። የልጆቹ ነው እንዳንል ሂዱ ተብለው ነው የመጡት። እንደኛ አስተያየት ችግሩ ያለው ከአላላኩ ነው።

ተማሪን ወደ ሕዝቡ አውጥቶ ማሠልጠን ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ሠራተኞችን በቡድን እያደረገ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። በቡድን መውጣታቸው ሥራ ለመካፈልም ጭምር ነው። ተማሪው ለጣቢያው እጅ እየሆነ ነበር የሚማረው። ዛሬስ? ብዙ ጊዜ እጅ መሆናችን ቀርቶ ሸክም ሆነናል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ስምንት ተማሪ በአንዲት ሲስተር ላይ ከሚከመር፣ በደሴና በኮምቦልቻ ባሉት ጤና ጣቢያዎች ሁለት ሁለት ሆኖ ቢደለደል ሁሉም ይጠቀማል።

ጓንቱና መርፌውም ይታሰብበት። ተለማማጅ እስኪለምድ ድረስ ማባከኑ አይቀርም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በደሴና በአካባቢዋ የሕክምና ተቋማት መዘረፋቸውን አንረሳም። ከዚያ በኋላ እንደገና ለተነሣ ተቋም አንድ ካርቶን ጓንት ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ላኪው ተማሪውን ሲልክ የሚለማመድበትን ዕቃም አብሮ ቢልክ መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ በሽተኛው ይጠየቅ። «እናቴ፣ ተማሪ ነኝ፤ ሲስተር አጠገቤ ናት፤ ይፈቅዱልኛል?» ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እምቢ ካሉም መብታቸው ነው። ክንዳቸውን የሰጡን እናት እኮ አስተማሪያችን ናቸው።

አንዳንዱ አንባቢ «የነርሶች ጉዳይ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። በጣም ያገባናል እንጂ! እኛም በየትምህርት ቤቱ የሰው ክፍል ገብተን ከኋላ ወንበር ላይ እንደረደራለን። መምህሩ የራሱን ሥራ ሳይቀንስ የእኛን ዕቅድ ያርማል፤ ፎርማችንን ይሞላል። ልምምዱ ሲያልቅ አመስግነን የወጣን ስንቶቻችን ነን? የእርማት ደብተር ተሸክመን ያገዝነውስ? ሕፃናቱንስ በስማቸው ጠርተናቸዋል?

አሠልጣኞቻችንም ከመላካቸው በፊት ተቀባዩን መምህር ጠርተው ቢያወያዩት፣ በመካከሉም መጥተው ቢጎበኙን፣ ድካሙን በደብዳቤ ቢያውቁለት ምን ይጎዳል? ፊርማውን ብቻ የምንፈልገው ሰው ሙያውን ከልቡ አያካፍለንም።

ዛሬ ተለማማጆች ነን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ደብዳቤ የያዙ ልጆች የእኛን ክፍል በር ያንኳኳሉ። ያን ጊዜ «ደግሞ መጡ!» እንዳንል ከወዲሁ እንሰብበት።