የምስጋና ቀን በኢትዮጵያውያን ቤት፦ ከሳህኑ በፊት ቀኑ

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች «ታንክስጊቪንግ» የተባለውን የምስጋና ቀን እንዴት እንደሚያከብሩ ሲጠየቅ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሳህን ይጀምራል። ተርኪው በበርበሬና በቅመም ታሽቶ ምድጃ መግባቱ፣ ከጎኑ ዶሮ ወጥና እንጀራ መቅረቡ ይነገርና ነገሩ «የባህሎች ቅይጥ» ተብሎ ይታለፋል። ጋዜጣና ቴሌቪዥን ይህን ቢወድዱት አያስገርምም፤ ለፎቶግራፍ ያምራል። የስደተኛ ማኅበረሰብን የሚያጠና ተመራማሪ ግን ከሳህኑ ሳያልፍ ከቀረ ዋናው ጉዳይ ያመልጠዋል። በቤተሰቡ ውስጥ ብርቱው ድርድር የሚካሄደው ስለ ቀኑ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ሥራ ፈረቃውና በማዕዱ ዙሪያ ማን ይናገር በሚለው ላይ ነው።

አስቀድሞ በዓሉ ራሱ ባለበት የቆመ ነገር አለመሆኑን ማስታወስ ይበጃል። (ዓመታቱ በተለየ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1621 በመከር ወራት በፕሊመዝ የሰፈሩት እንግሊዛውያንና የዋምፓኖአግ ሰዎች አብረው ስለ ተመገቡት ማዕድ የቀረው ምስክርነት እጅግ ጥቂት ነው። ኤድዋርድ ዊንስሎ በደብዳቤው መሪያቸው ማሳሶይት 90 ያህል ሰዎችን አስከትሎ መምጣቱን፣ ግብዣው ሦስት ቀን መቆየቱንና እንግዶቹ አምስት አጋዘን ማምጣታቸውን ይገልጻል፤ ተርኪን በስም አይጠቅስም። በዓሉ አገር አቀፍ መልክ የያዘው የመጽሔት አዘጋጇ ሣራ ጆሴፋ ሄል ለዓመታት ከወተወተች በኋላ፣ አብርሃም ሊንከን በ1863 በእርስ በርሱ ጦርነት መካከል ባወጣው ዐዋጅ ነው። በ1939 ፍራንክሊን ሩዝቬልት የገና ገበያ እንዲረዝም ብሎ ቀኑን በአንድ ሳምንት ቢያስቀድመው ብዙ ግዛቶች አሻፈረኝ አሉ፤ በዚያ ዓመት በአንድ አገር ሁለት የምስጋና ቀን ተከበረ። አራተኛው ሐሙስ በሕግ የጸናው በ1941 መጨረሻ ነው። ከ1970 ጀምሮ ደግሞ የነባር ሕዝቦች ተወላጆች በዚያው በፕሊመዝ ዕለቱን የሐዘን ቀን አድርገው ያስቡታል። ነጋዴ ስለ ገበያው ብሎ የሚገፋው፣ ለአንዱ ምስጋና ለሌላው ሐዘን የሆነ በዓል፣ የስደተኛው «መዋሐድ» የሚለካበት ቋሚ ዘንግ ሊሆን አይችልም። ብዙ ጥናቶች ግን ሳይናገሩት እንደዚያ አድርገው ይይዙታል።

በዓሉ ወደ ስደተኛው ቤት የሚገባበት በርም አዲስ አይደለም። ታሪክ ጸሐፊዋ ኤልዛቤት ፕሌክ በ2000 ስለ አሜሪካ የቤተሰብ ሥርዓቶች ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የስደተኛ ልጆችን ስለ በዓሉ እያስተማሩ ወደ ቤት ይልኳቸው እንደ ነበር፣ ልጆቹም ወላጆቻቸውን እንዲያከብሩ ይገፋፉ እንደ ነበር ያስረዳሉ። ዛሬ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የሚማር የኢትዮጵያውያን ልጅ መዳፉን ወረቀት ላይ አስቀምጦ፣ ዙሪያውን በእርሳስ ነድፎ፣ ጣቶቹን የተርኪ ላባ አድርጎ ቀለም ቀብቶ ሲመጣ የሚሆነው ይኸው ነው። «እኛስ መቼ ነው የምናከብረው?» የሚለው ጥያቄ ከልጅ ወደ ወላጅ ይሄዳል። በአገር ቤት የበዓል ሥርዓት ከአያት ወደ ልጅ የሚወርድ እንደ መሆኑ፣ ይህ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ በዓል የቤቱን የማስተማር ተራ ይገለብጠዋል። እናት በበዓል ጉዳይ ከልጇ የምትማርበት ቤት፣ ተርኪ ቢበላበትም ባይበላበትም፣ ያው ቤት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን የቀኑ ነገር አለ። አራተኛው ሐሙስ ከኖቬምበር 22 በፊት ወይም ከ28 በኋላ ሊውል አይችልም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ሲሆን፣ ይህ ዕለት ኖቬምበር 24፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ደግሞ 25 ላይ ይውላል። ስለዚህ በዓሉ ከጾሙ የሚያመልጠው ቀደም ብሎ በ22 ወይም በ23 በዋለ ጊዜ፣ አንዳንዴም ለጥቂት በ24 ነው። በ2011 ያመለጠው በአንድ ቀን ነበር፤ ኅዳር 14 ቀን ዋለ። በ2022 የጾሙ መግቢያ ዕለት ላይ አረፈ። በ2023 ኅዳር 13 ሲውል ምእመናኑ ሥጋ የሚበሉበት ሐሙስ ሆነ፤ በማግሥቱ ግን ዓርብ ነበረና ለአሜሪካዊው ጎረቤት ከበዓሉ እኩል የሚወደደው የትራፊ ሳንድዊች ለጾመኛው ቤት አልሆነም። በ2024 እና በ2025 በዓሉ ሙሉ በሙሉ በጾሙ ውስጥ ወደቀ። በጠቅላላው ሲታይ ከሰባቱ ሊሆኑ ከሚችሉ ቀናት አምስቱ፣ አልፎ አልፎም አራቱ፣ የጾም ቀናት ናቸው።

ይህ ተራ ሒሳብ ነው፤ በጥናት ውስጥ ግን ሲጠቀስ እምብዛም አይታይም። የተርኪውን ቅመም የሚዘረዝር ጸሐፊ በብዙ ዓመታት ያ ተርኪ በጾም ቀን እንደሚቀርብ ካልተገነዘበ፣ የቤቱን ጭንቅ አላየም ማለት ነው። አንዱ ቤት ከናካቴው ሥጋ አያስገባም፤ ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመንና ፎሶሊያ ይሠራና «የጾም ታንክስጊቪንግ» ይሆናል። ሌላው ሁለት ማዕድ ይዘረጋል፤ በአንዱ ጫፍ ለልጆቹና ለአሜሪካውያን አማቾች የፍስክ፣ በሌላው ጫፍ ለእናትና ለአባት የጾም። ሦስተኛው ከጾሙ መግቢያ በፊት ባለው እሑድ ቀድሞ ያከብራል፤ ሐሙስ ለዕረፍት ብቻ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ቤት ተርኪ አለመኖሩን አይቶ «ባህሉን ጠብቋል» ማለትም፣ ተርኪ መኖሩን አይቶ «ባህሉን ትቷል» ማለትም ስሕተት ነው። ሁለት ማዕድ የሚዘረጋው ቤት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለሁለት ሕግ ይገዛል፤ ለዚያ የሚከፈለው ትዕግሥት የትኛውም የምግብ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። (የአሜሪካ ማዕድ አጃቢዎች፣ ማለትም ስኳር ድንቹ፣ ፎሶሊያውና ክራንቤሪው፣ ቅቤና ወተት ከተነሣላቸው ለጾም የቀረቡ መሆናቸውን የቤት እመቤቶች ከተመራማሪዎች ቀድመው አውቀውታል።)

የዕርዱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በአገር ቤት ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን ዕርድ ሥጋ አለመብላቱ በሁለቱ መካከል ካሉት ማኅበራዊ ድንበሮች ሁሉ በየዕለቱ የሚታየው ነው። ሠርግ ላይ ሁለት ድንኳን የሚተከለው፣ ሁለት ዓይነት ወጥ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ከገበያ አዳራሽ የሚገዛው በረዶ የበላው ተርኪ ግን ማን በማን ስም እንዳረደው አይታወቅም። ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች የሐላል ተርኪ ፈልገው ይገዛሉ። ብዙ ክርስቲያን ቤተሰቦች ደግሞ በአገር ቤት ይጠይቁት የነበረውን ጥያቄ መጠየቅ ትተዋል። ድንበሩ ለአንዱ ሲጸና ለሌላው መላላቱ፣ የቀድሞ ጎረቤታሞች በአንድ ማዕድ እንዲቀመጡ መንገድ ይከፍታል ወይስ አዲስ መራራቅ ያመጣል የሚለው ለማስተርስ ጥናት የሚበቃ፣ እንዲያውም የሚተርፍ ጥያቄ ነው።

ጾሙን እያወቁ ብዙዎች በዓሉን የማይተዉበት ምክንያት ታዲያ ምንድን ነው? መልሱ ከእምነት ይልቅ በሥራ ሰዓት ይገኛል። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ጥምቀት በአሜሪካ የሥራ ቀናት ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ካልዋሉ ቤተሰብ አይሰበሰብባቸውም። እንቁጣጣሽማ ከ2001 ወዲህ በአብዛኛው ዓመት አገሩ ሙታኑን ከሚያስብበት ዕለት ጋር ይገጥማል። ፋሲካ ብቻ እሑድ በመዋሉ ይድናል። የኅዳሩ ሐሙስ ግን ዓርብን ጨምሮ ለብዙ ሰው የአራት ቀን ዕረፍት ይሰጣል፤ በዳላስ ያለችው እኅት፣ በሚኒሶታ ያለው የአጎት ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ገና ይሠራው የነበረውን የማሰባሰብ ሥራ ታንክስጊቪንግ ወርሶታል። ሽምግልና ይላክበታል፣ የአገር ቤት ወላጅን ማን ይጡር በሚለው ይመከርበታል፣ ለሐዘንተኛ ገንዘብ ይዋጣበታል። በዓሉ የተወደደው ስለ አሜሪካዊነቱ ነው የሚለው ትርጓሜ እዚህ ላይ ደካማ ነው፤ ሌላ ቀን ስላልተገኘ ነው ቢባል ይቀርባል።

ያም ቢሆን ለሁሉም አይደለም። የአሜሪካ ፌደራል ሕግ የግል ቀጣሪ በበዓል ቀን ዕረፍት ወይም ተጨማሪ ክፍያ እንዲሰጥ አያስገድድም። በአውሮፕላን ጣቢያ፣ በሆቴል፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በታክሲ፣ በአረጋውያን መጦሪያና በሆስፒታል የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ ሌላው ሰው ተጉዞና ተሰብስቦ እንዲያከብር የሚያስችለው ሥራ በእነርሱ እጅ ያለ ነው። አባት ከሌሊት ፈረቃ እስኪመለስ ማዕዱ የሚጠብቅበት፣ ወይም እናት የሰው አረጋዊ አብልታ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የራሷን ቤት የምትደርስበት ቤት የበዓሉ እንግዳ አይደለም፤ በዓሉ የቆመበት አንዱ ምሰሶ ነው። ጥናቱ የሚጠይቃቸው «ምን በላችሁ?» ብሎ ነው፤ «በስንት ሰዓት በላችሁ?» ቢባል ብዙ ይገለጥ ነበር።

በማድ ቤትም ያለው ለውጥ አንድ ወጥ አይደለም። ሜላኒ ዋለንዶርፍና ኤሪክ አርኖልድ በ1991 ስለ በዓሉ የፍጆታ ሥርዓት ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካውያን ቤተሰቦች ከሱቅ የተገዛውን አሽገው የመጣ ምግብ በቤት እንደ ተሠራ አድርገው የሚቀበሉበትን መንገድ አሳይተዋል። ለኢትዮጵያዊቷ እመቤት ይህ እፎይታ ሊሆን በተገባ ነበር። ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ለሰዓታት የሚቁላላበት፣ ዶሮው በ12 ብልት የሚገነጠልበት፣ ሴት በሙያዋ የምትመዘንበት ሥራ ነው፤ ተርኪ ግን ሙሉውን ምድጃ ይገባና ማዕድ ላይ ብዙ ጊዜ በወንድ እጅ ይቆረጣል። ነገር ግን በብዙ ቤት አንዱ ሌላውን አልተካም፤ ተደመረበት። ሴቲቱ ተርኪውንም ወጡንም ትሠራለች፤ ቢላዋውን ይዞ ለፎቶግራፍ የሚቆመው ሌላ ሰው ነው። «ቅይጥ» የተባለው ነገር በማን ድካም እንደሚቀየጥ ሳይጠየቅ ቃሉን ማወደስ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ እጅግ ጥልቅ የሆነው፣ ግን ዝቅ ብሎ የሚታየው፣ የንግግሩ ተራ ነው። በአሜሪካ ልማድ ማዕዱን የከበቡ ሁሉ፣ ሕፃን ሳይቀር፣ በየተራ ስለ ምን እንደሚያመሰግኑ ይናገራሉ። በኢትዮጵያውያን ማዕድ ግን የሚናገረው ሽማግሌ ወይም ካህን ነው፤ እርሱ ይመርቃል፣ ሌላው «አሜን» ይላል። ምስጋናም በግል ዝርዝር አይቀርብም፤ «እንደምን ዋልክ» ለሚል ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ የሚሰጥ ሰው፣ ለአንድ ሐሙስ ብሎ የምስጋናውን ምክንያት በአንድ በሁለት እንዲቆጥር ሲጠየቅ ግራ ይገባዋል። የአሥር ዓመት ልጅ በአያቱ ፊት ተነሥቶ «ስለ እናቴ አመሰግናለሁ» ሲል እናቲቱ ደስ ሊላት ይችላል፤ አያቱ ደግሞ ምርቃቱ ከመሰጠቱ በፊት ልጅ መናገሩ ሊከብዳቸው ይችላል። አንዳንድ ቤት ምርቃቱን አስቀድሞ የልጆቹን ቃል ያስከትላል፤ ቅደም ተከተሉ ብቻውን ያን ቤት ማን እንደሚመራው ይናገራል። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ተናግረው አያት በአማርኛ የሚመርቁ ከሆነ ደግሞ፣ «አሜን» ከሚለው በቀር የጋራ ቃል የሌለበት ማዕድ ይሆናል።

ንጽጽርም ይረዳል። በእስራኤል የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ በዚሁ ወራት የሚያከብረው ስግድ፣ ጾምና ግብዣ በአንድ ቀን የሚገናኙበት በዓል፣ በ2008 በክኔሴት ሕግ ወደ አገሪቱ በዓላት ገብቷል። በዚያ የመጤው በዓል ወደ መንግሥት የቀን መቁጠሪያ ሲገባ፣ በአሜሪካ የመንግሥት በዓል ወደ መጤው ቤት ገባ፤ ሁለቱን በአንድ «ውሕደት» በሚል ስም መጥራት ያደበዝዛቸዋል። በስያሜ ረገድም ጥንቃቄ ያሻል፤ የኦሮሞ ሕዝብ ኢሬቻ በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ የሚተረጎመው በዚሁ በአሜሪካው በዓል ስም ነውና፣ ትርጉሙ የሚያመሳስላቸው ሁለቱ በዓላት በመሠረታቸው የተለያዩ መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ለዚህ ጥናት ወርቃማ አጋጣሚ አለ። በዓሉ በ2026 ኅዳር 17፣ በ2027 በጾሙ መግቢያ ኅዳር 15፣ በ2028 ኅዳር 14፣ በ2029 ኅዳር 13 ይውላል። ሁለቱ ዓመታት በጾም ውስጥ፣ ሁለቱ ከጾም ውጭ ናቸው። ጥቂት ቤተሰቦችን እነዚህን አራት ዓመታት ተከትሎ፣ ማን አበሰለ፣ ማን በሥራ ላይ ነበር፣ ማን ቀድሞ ተናገረ፣ ማን ከየትኛው ጫፍ በላ ብሎ የሚመዘግብ ሰው፣ ከአንድ ቀን ቃለ መጠይቅ የማይገኘውን ያገኛል። ቀኑ የታወቀ ነው፤ የሚያስፈልገው ከ2026 ኅዳር በፊት ተዘጋጅቶ መጀመር ነው።