«የማን ልጅ ነው?» ሳይሆን «ምን ታየ?»

ዛሬ ስለ ኳስ ነው የማወራችሁ። «ስንት ጉዳይ እያለ ኳስ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ነገሩ ከኳስ ያልፋል።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ወልቂጤ የሰፈር ቡድኖች ውድድር ነበር። አንደኛው ቡድን ከቡታጅራ የመጣ ነው። ዳኛው ቀረ። ጓደኛዬ «አንተ ዲግሪ አለህ፣ ሥራ የለህም፣ ና ፊሽካውን ያዝ» አለኝ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ፊሽካውን ግን ያዝኩ። እስከ 80ኛው ደቂቃ ሰላም ነበር። ከዚያ የቡታጅራው አጥቂ ብቻውን ወጥቶ አገባ። እኔ ኦፍሳይድ ብዬ ሻርኩት። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ፣ እነሱም ከውድድሩ ወጡ።

ከሜዳው ዳር የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? «ኦፍሳይድ ነበር ወይ?» አይደለም። «ይሄ ዳኛ የማን ልጅ ነው?» የሚል ነው። ሰፈሬን ቆጠሩ፣ አባቴን ቆጠሩ፣ የአያቴን አገር ሳይቀር ጠየቁ። የእኛ ሰፈር ደጋፊዎች ደግሞ «የእኛ ልጅ፣ ጎበዝ!» ብለው ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከስድቡ ይልቅ ያመመኝ ሙገሳው ነው። የሰደበኝም ያሞገሰኝም «ለወገኑ አደላ» ብሎ ነው ያመነው።

ማታ አንድ ልጅ በስልኩ የቀረጸውን ቪዲዮ በቴሌግራም ላከልኝ። አራት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ኳሱ ሲለቀቅለት አጥቂው ከተከላካዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ነው። ጎል ነበረች። ቪዲዮው ሌላም ነገር ያሳያል፦ እኔ ከድርጊቱ ሰላሳ ሜትር ርቄ እያለከለክኩ ነው። ከዚያ ቦታ ማንም ቢሆን አያይም። ተሳስቻለሁ፣ ግን አላዳላሁም። ሁለቱንም የመሰከረው መስታወቱ የተሰነጠቀ አንድ ስልክ ነው።

ቫር ዳኝነትን ያሻሽላል ወይስ ያበላሻል የሚለውን ዲኤስቲቪ ቤት ሁላችንም ተከራክረንበታል። አርሰናል ሲጠቀምበት ለአርሰናል ደጋፊ ጥሩ ነው፣ ማንቸስተር ሲጠቀምበት ሌባ ነው። የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ ቫር ለእኛ አገር ትልቁ ጥቅሙ ስህተት መቀነሱ ብቻ አይደለም። ጥያቄውን «የማን ልጅ ነው?» ከሚለው «ምን ታየ?» ወደሚለው ማዞሩ ነው። ይህ የሚሆነው ግን ምስሉም ምክንያቱም በግልጽ ሲነገር ብቻ ነው። ነገሩ በተዘጋ ክፍል ከቀረ ጥርጣሬው ከፊሽካው ወደ ክፍሉ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።

መጀመሪያ ጥቅሙን እንይ። ቫር በእግር ኳስ ሕግ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ በዚያው ዓመት በሩሲያው የዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋለ። ሁሉ ነገር ውስጥ አይገባም። ሲጀመር የሚያየው አራት ጉዳይ ብቻ ነበር፦ ጎል፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ቀጥታ ቀይ ካርድ፣ እና ካርድ ለሌላ ተጫዋች በስህተት ሲሰጥ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስታወቀው በቫር ምክንያት የውሳኔዎች ትክክለኛነት ከ82 በመቶ ወደ 96 በመቶ አድጓል። በዚያው ዓመት ዎልቭስ «ቫር ይቅርብን» ብሎ ድምፅ ሲያሰጥ 19 ክለቦች አንፈልግም አሉት፣ ብቻውን ቀረ።

እኛም ቀምሰነዋል። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ካሜሩን ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ከኬፕ ቨርዴ ሲጫወቱ ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ አጥቂውን ጣለው፤ ምስሉ ከታየ በኋላ ቀይ ካርድ ወጣበት። 1 ለ 0 ተሸነፍን። እኔ የነበርኩበት ዲኤስቲቪ ቤት አንዱ «ይሄ ዳኛ ምን አድርገነው ነው?» ብሎ ጀመረ። ምስሉ ሲደገም ግን ዝም አለ። አጥቂው ብቻውን ወደ ጎል እየሄደ ነበር። ያማል፣ ግን ታየ። ከስምንት ቀን በኋላ ከቡርኪና ፋሶ ጋር፣ ያኔ የወልቂጤ ከተማ አጥቂ የነበረው ጌታነህ ከበደ ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጥሮ 1 ለ 1 ሲያደርገን ግን ስለ ዳኛው የጠየቀ ሰው አላየሁም። ሲጠቅመን አንጠይቅማ!

አሁን ምስል የሌለበትን እዩ። ሚያዝያ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም፣ መከላከያና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ። «ኳሱ መስመሩን አልፏል፣ አላለፈም» በሚል ክርክር ዳኛው ኢያሱ ፈንቴ ሜዳ ውስጥ ተደበደበ። ዳኞች «አናጫውትም» አሉ፣ ሊጉ ተቋረጠ። ይሄ የአንድ ክለብ ኃጢአት አይደለም፤ በየከተማው ዳኛ የተሰደበበትና የተሳደደበት ሜዳ ሞልቷል። ካሜራ ቢኖር ማንም እጁን አያነሳም አልልም። ግን የጎል መስመርን የሚያሳይ አንድ ምስል ለተቆጣው ሰው መልስ ይሆነው ነበር። ያን ቀን ለዳኛው ከለላ የሚሆነው ከፊሽካው ሌላ ምንም ነገር አልነበረም።

በጣም የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? ሊጋችን በ2013 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀምሯል። ካሜራ አለ ማለት ነው። እኛ ወንበር ላይ ተቀምጠን ድጋሚውን በዝግታ እናያለን፤ ሜዳ ላይ ያለው ዳኛ ብቻ አያይም! ሁሉም ያየውን እሱ ሳያይ ፈርዶ፣ ሁሉም እሱ ላይ ይፈርድበታል። በዓምላክ ተሰማ ለ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ተመርጦ ሩሲያ ሄዷል። ሊዲያ ታፈሰ ቫር ለመጀመሪያ ጊዜ በገባበት የ2019 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ዳኛ ነበረች። ዳኞቻችን ብቃት አላቸው፣ ያጡት መሣሪያ ነው።

ጉዳቱንም ሳልደብቅ ልናገር። እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2023 ሊቨርፑል ከቶተንሃም ሲጫወት ሉዊስ ዲያዝ ያገባት ጎል ኦፍሳይድ ተባለች። ቫር ክፍል ያሉት ሰዎች ኦፍሳይድ እንዳልሆነ በትክክል አዩ። ግን ሜዳ ላይ ጎሉ የጸደቀ መስሏቸው «ጨርሰናል» አሉ፣ ጨዋታው ቀጠለ፣ ሊቨርፑል 2 ለ 1 ተሸነፈ። ካሜራው አልተሳሳተም፣ የተሳሳቱት ሰዎቹ ናቸው። ሰዉን ትንሽ ያረጋጋው የክፍሉ ንግግር በድምፅ መለቀቁ ነው፤ ስህተት እንጂ ሴራ እንዳልነበረ ሁሉም በጆሮው ሰማ።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ አለ፤ ቱኒዝያ፣ ራዴስ፣ ኤስፔራንስ ከዊዳድ። የዊዳድ ጎል ተሻረ፣ ተጫዋቾቹ «ቫር ይታይ» አሉ፣ ቫሩ አይሠራም! አንጫወትም ብለው ቆሙ፣ ዋንጫው ለኤስፔራንስ ተሰጠ፣ ክርክሩ እስከ ዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ደረሰ። መብራት በሚጠፋበት አገር ላለን ለእኛ ይሄ ትልቅ ትምህርት ነው። አለ ተብሎ የማይሠራ ቫር ከሌለው ይብሳል፤ ተስፋ ሰጥቶ ይከዳላ።

«ቫር የጎልን ደስታ ይገድላል» የሚሉም አሉ። የስዊድን ሊግ በደጋፊዎች ግፊት ቫርን ሳያስገባ ቀርቷል። እረዳቸዋለሁ፤ ጮኸህ ዘለህ ሦስት ደቂቃ መጠበቅ ያናድዳል። ግን ስዊድን ውስጥ ዳኛ ሲሳሳት የአያቱን አገር የሚጠይቅ ያለ አይመስለኝም። እኛ ሦስት ደቂቃ ብንጠብቅ የምናተርፈው ሰላም ነው።

«በምን ገንዘብ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ሙሉው ቫር ውድ ነው። ግን ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2024 ብዙ ካሜራ ለሌላቸው ሊጎች የሚሆን ቀለል ያለ አሠራር መሞከር ጀምሯል። የተለየ የቫር ክፍል የለም፣ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡ ዳኞችም የሉም። አሠልጣኙ በጨዋታ ሁለት ጊዜ «ይታይልኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል፣ ዳኛው ራሱ ሄዶ በስክሪን ያያል፣ ይወስናል፣ አለቀ። ኮሎምቢያ ላይ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫ ተሞክሯል። ለእኛ ሊግ የሚመጥነው ይሄ ነው። ካሜራ የሚይዝ፣ ምስል የሚያቀናብር ሰው ከተፈለገ ደግሞ በየከተማው ዲግሪውን ይዞ ጀበና ቡና ላይ የተቀመጠ ወጣት ሞልቷል። እኔን ጨምሮ።

ደግሞ «ይታይልኝ» ማለት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በሰባት ቤት ጉራጌ የየጆካ ቂጫ፣ በክስታኔ የጎርደና ሴራ አለ። ታች ያልተፈታ ነገር ወደ ላይ ይሄዳል፣ እንደገና ይታያል። አባቶቻችን ሲፈርዱ ግን ደጅ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለቱንም ወገን ሰምተው፣ ሰው እየሰማቸው ነው። የተፈረደበት ሰው ቢከፋውም ለምን እንደተፈረደበት አውቆ ይሄዳል። ዳኝነት የሚከበረው ስለማይሳሳት አይደለም፣ ምክንያቱን ስለሚናገር ነው።

ሥራ ፈላጊ የሆናችሁ ይሄ ይገባችኋል። ተፈትናችሁ፣ ተጠባብቃችሁ፣ በመጨረሻ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስማችሁ የለም። ስንት አመጣሁ? አይነገርም። የት ላይ ወደቅሁ? አይነገርም። ምናልባት በእውነት ወድቃችሁ ይሆናል። ግን ስላልተነገራችሁ «ያለፈው የማን ልጅ ነው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። እኔም ጠይቄያለሁ። ያ ጥያቄ የሚወለደው ከዝምታ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችን። ስልክ የያዝን ሁሉ አሁን ቫር ሆነናል። ግን ሦስት ሰከንድ ቆርጠን፣ በዝግታ አጫውተን፣ «ዳኛው ሸጠን» ብለን እንለጥፋለን። በዝግታ ሲታይ ቀላሉም ንክኪ የግድያ ሙከራ ይመስላል፤ ለዚህ ነው የቫር መመሪያ ራሱ ንክኪ መኖሩንና ቦታውን በዝግታ፣ የጥፋቱን ክብደት ግን በመደበኛ ፍጥነት እዩ የሚለው። ስለዚህ ስትለጥፉ ሙሉውን ለጥፉ። የዳኛውን ውሳኔ ተቹ፣ ዘሩን ተዉት። ፍርዱ ለእናንተ ቡድን ያደላ ሲሆንም ለጥፉ። ከባዱ እሱ ነው።

እኔ በበኩሌ ለዚያ የቡታጅራ አጥቂ በቴሌግራም ጻፍኩለት። «ጎል ነበረች፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ» አልኩት። ሁለት ቀን ዝም አለ። ከዚያ መለሰልኝ፦ «ችግር የለውም ወንድሜ። ግን ለእኔ ብቻ አትንገረኝ፣ ሜዳ ላይ ለነበሩት ሁሉ ንገር።»

ይኸው ነገርኩ። ጎል ነበረች።